ውሻዎ ለምን ያላዝናል? ችግሩና መፍትሄው

ጎጃም ውስጥ ሌሊት የሚያላዝን ውሻ መጀመሪያ የሚደርሰው «ሟርተኛ!» የሚል ስድብ ነው፤ ድንጋይ ይከተላል። ውሻ ግን የሚያላዝነው ብርድ፣ ፍርሃት፣ ሕመም ወይም ልማድ ሲይዘው እንጂ ሞት አይቶ አይደለም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሰዓቱን ይያዙ፦ መቼ ጀመረ? ምን ሲደረግለት ዝም አለ?

አዲስ ቡችላ ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝን

ከእናቱ ሙቀት ተለይቶ ነው። ብዙዎች ገና በወሩ ያመጡታል፤ መለየት የሚሻለው ግን 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። በጮቄ ግርጌ ባለው ደጋ ደግሞ የሐምሌ ብርድ ብቻውን ያስለቅሰዋል።

ሲወስዱት እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ቁራጭ ይዘው ይምጡ። ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘው ጨርቁን ከላይ ያንጥፉ። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም) ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው ከጎኑ ያኑሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ካርቶኑ ሰው በሚተኛበት ክፍል ይሁን። እኩለ ሌሊት ላይ አንዴ ለሽንት ያውጡት፤ ሳያጫውቱ ይመልሱት።

ታስሮ ሲያላዝን

መጀመሪያ አንገቱን ይዩ። ቡችላ ሆኖ የታሰረበት ገመድ ሳይላላለት አድጎ ሥጋው ውስጥ የገባ ውሻ ብዙ ነው። ጠጉሩን ገለጥ ሲያደርጉ እርጥበት ወይም ሽታ ካለ ቁስሉ ቆይቷል፤ ሐኪም ያስፈልገዋል። ማሰሪያው ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ይሁን፤ ከሥሩ ሁለት ጣት መግባት አለበት። አንገቱ ደህና ከሆነ ሰንሰለቱ ግንድ ላይ ተጠምጥሞ፣ ውሃው ተደፍቶ ወይም ጥላው ሸሽቶት እንደሆነ ያረጋግጡ።

ጭራውን በእግሮቹ መሃል ሸጉጦ ወደ በሩ እየተጠጋ በዝግታ የሚያላዝን ከሆነ ጅብ ቀርቧል ማለት ሊሆን ይችላል። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ ጅብም ውሻ ይበላል። ማታ ማታ በታጠረ ግቢ ይፍቱት፤ አጥሩ ካላስተማመነ ቤት ያስገቡት።

ሰው ሲበላ ብቻ ሲያላዝን

ይህን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ባለቀሰ ቁጥር ጉርሻ ወረደለት። ከዛሬ ጀምሮ ሲያላዝን አይዩት፣ አይቆጡት፤ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ሲል በራሱ ሳህን ይስጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይብሳል፤ ያኔ ከተሸነፉ የሚማረው አብዝቶ መጮህን ነው። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ፍርፋሪ ለውሻ እንደሚጎዳም አይርሱ።

ለመጠቃት የደረሰች ሴት ውሻ በሰፈሩ ካለች ወንዱ ምግብም ትቶ ያላዝናል። እስኪያልፍ ከግቢ አይውጣ።

በድንገት ሲጀምርና ሲነኩት ሲሸሽ

ሕመም ነው። ጆሮውን የሚነቀንቅ ከሆነ ውስጡን በብርሃን ይዩ፤ መዥገር ካለ በወረንጦ ከሥሩ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ጋዝም እሳትም አያስነኩ። ጃርት ያጋጠመው ውሻ አፍንጫው ላይ እሾህ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ሰው አጥብቆ ይዞት፣ ሌላው በፒንሳ ከሥሩ ቀጥታ ይንቀል። እሾሁን መቁረጥ ስለሚሰነጥቀው ስባሪው ውስጥ ይቀራል።

ሆዱ ተነፍቶ የሚያላዝን ውሻ ቡኮ ልሶ ሊሆን ይችላል፤ ሊጡ ጨጓራው ውስጥ መቡካቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ያወጣል። እየቃተተ ማስመለስ ካቃተው አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይስጡት፤ የሰው ማስታገሻ ውሻ ይገድላል።

ድምፁ ተለውጦ ሲያላዝን

ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መንጋጋው ከወደቀ ወይም መዋጥ ካቃተው «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሰውና ከብት ያርቁ፣ በሩን ዘግተው ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ካለ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ክትባቱን አያስቀር፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።