የላዳ ሞተር ሲወርድ የፊት እግሩን አብሮ ማደስ

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ አሮጌ ላዳ፣ ችግሩ ከፍሬኑ ሳይሆን በፊት እግሩ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር በሚያያይዘው ክፍል፣ ውስጥ ከተበሉ ቦኮላዎች (ላስቲክ ያላቸው ቡሾች) እና ቴስቲናዎች (ኳስ መሰል መገጣጠሚያዎች) ሊሆን ይችላል። ላዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ከወጣው ፊያት 124 የተወሰደና በ1970 መመረት የጀመረ መኪና ሲሆን፣ ሞተሩ የሚያርፈው የታችኛዎቹ የፊት ብራቾዎች (ጎማውን የሚይዙት ክንዶች) በሚታሰሩበት መስቀለኛ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ለእድሳት ያወረደ ባለቤት የፊት እግሩን ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ሞተሩ ከመውረዱ በፊት፣ መኪናው በአራቱም ጎማዎቹ ቆሞ ሳለ፣ ከፊት ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) መሐል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የመኪናው አካል) ጠርዝ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለክተው ይጻፉ። ከዚያ ሞተሩን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) አውጥተው መኪናውን በጠንካራ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ያሳርፉ፤ ድንጋይና ጡብ ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ፈጽሞ አይታመኑም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሞላውን (ጥቅልሉን ስፕሪንግ) ማውጣት ነው። ብዙ መካኒኮች ክሪክ ከታችኛው ብራቾ ሥር አስገብተው ቴስቲናውን ከፈቱ በኋላ ክሪኩን ቀስ ብለው ያወርዳሉ፤ ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን የሞተሩ ክብደት መኪናውን ወደ ታች ሲጫነው ነው። ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ሞተር ሲወርድ የመኪናው አፍንጫ ስለሚቀልል፣ ክሪኩ ሞላውን ከመጭመቅ ይልቅ መኪናውን ከካቫሌቶው ላይ ያነሣዋል። ስለዚህ የሞላ መጭመቂያ መጠቀም ግዴታ ነው፤ የታመቀ ሞላ ቢያመልጥ አጥንት ይሰብራል። የፍሬን ካሊፐሩም በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ይታሰር።

የታችኛው ብራቾ ዘንግ ከመስቀለኛው ብረት ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ ሥሥ ሮንዴላዎች (ከብሎን ሥር የሚገቡ ቀጫጭን ብረቶች) አሉ። የጎማውን አቋም የሚወስኑት እነርሱ ስለሆኑ፣ ከየትኛው ብሎን ስንት እንደወጣ ተመዝግቦ ለየብቻ ይቀመጥ።

ዕቃ ለመግዛት ወደ ተክለ ሃይማኖት ወይም ወደ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ቦኮላ፣ ቴስቲናና ብራቾ ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ ሻጩም መካኒኩም በእነዚህ ስለሚግባቡ በዚሁ ስም ይጠይቁ። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ላስቲክ ሊደርቅ ስለሚችል፣ የቴስቲናውን ሽፋን በጣት ተጭነው ስንጥቅ እንደሌለው ይዩ። ሞላ የሚቀየር ከሆነ የሁለቱም ጎኖች የቀለም ምልክት፣ ቢጫም ይሁን አረንጓዴ፣ አንድ ዓይነት ይሁን። አሮጌውን ቦኮላ በመዶሻ መምታት የብራቾውን ዓይን ያጣምማል፤ ፕሬስ (የመጫኛ ማሽን) ወዳለበት ቶርኖ ቤት መውሰድ ይሻላል።

መልሰው ሲገጥሙ የብራቾ ዳዶዎችን (የብሎን ማሰሪያዎችን) ልክ እስኪይዙ ብቻ ያጥብቁ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ ሞተሩ ተመልሶ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። የቦኮላው ላስቲክ ከውስጥና ከውጭ ብረቱ ጋር ተጣብቆ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ግን መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይቀርና በኮብልስቶን መንገድ ላይ ቶሎ ይቀደዳል። እኔ ራሴ በዚህ ስሕተት አዳዲስ ቦኮላዎችን አበላሽቻለሁና ይህን ደጋግሜ ለመናገር አላፍርም። የፊቱን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት፤ ቀድሞ ከለኩት ከፍታ ጋር አነጻጽረው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ ያጥብቁ።

የጎማውን ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ) ግን አፍነው አያጥብቁት፤ ጎማውን እያዞሩ በመመሪያው ልክ ካጠበቁ በኋላ ዳዶውን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይመልሱት። በመጨረሻም መኪናውን ጥቂት ነድተው ዊል አላይመንት (የጎማ አቋም ማስተካከል) ያሠሩ፤ ባለሙያው ሮንዴላ መጨመር ወይም መቀነስ ካለበት ያስቀመጡት መዝገብ ከየት እንደሚጀምር ያሳየዋል።