የንግድ አፈጻጸም መከታተያ ሲጀመር ከመሠረቱ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በድሬዳዋ፣ ከዚራም ይሁን መጋላ፣ ነጋዴ «ሥራ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። መልሱ ለሰላምታ ይበቃል፤ ባለቤቱ ለራሱም ከዚህ የተሻለ መልስ ከሌለው ግን ክትትል ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ስህተት ጥያቄው ሳይለይ መለኪያ ማብዛት ነው። የሥራ አመራር ባለሙያዎቹ ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን «ቢኤስሲ» እየተባለ የሚጠራው ምዘና ከገንዘብ ባሻገር ደንበኛንና የውስጥ አሠራርን ጭምር ያያል። ሦስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ቅጹን እንዳለ ሲገለብጥ ግን የሚተርፈው ማንም የማያነበው ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሩ ቢወርድ በሥራው ላይ የሚለወጥ ነገር ከሌለ ባይመዘገብ ይሻላል።

ሁለተኛውና፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉም የከፋው «ሽያጭ» ምን ማለት እንደሆነ ሳይወሰን መቁጠር ነው። አንድ የጨርቅ አከፋፋይ በወር የ400,000 ብር ዕቃ አወጣ እንበል፤ ከዚህ 150,000 ብሩ በዱቤ ሄዷል፤ በዚያው ወር ደግሞ ከቀድሞ ዱቤ 60,000 ብር ተሰብስቧል። ዕቃው የወጣበትን ቀን የሚመዘግበው ሠራተኛ 400,000 ይላል፤ ገንዘብ የገባበትን ቀን የሚመዘግበው 310,000 ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን ሁለቱ አኃዞች በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ ንግዱ ማደጉን ወይም ዱቤው ማበጡን መለየት አይቻልም። ስለዚህ የወጣ ዕቃ፣ የገባ ገንዘብና ያልተሰበሰበ ዱቤ ለየብቻቸው ይያዙ፤ የተመለሰ ዕቃ ከየትኛው እንደሚቀነስም ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይወሰን።

ሌላው ስህተት የማይመሳሰሉ ወራትን ማወዳደር ነው። የረመዳን ጾም በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ የዘንድሮን የካቲት ከአምናው የካቲት ጋር ማስተያየት የዒድ ገበያ ያረፈበትን ወር ካላረፈበት ጋር ማመሳሰል ሊሆን ይችላል። የብር ዋጋም እንዲሁ ያሳስታል፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የተሸጠው ጣቃ ቀንሶ ሳለ በብር የተመዘገበው ሽያጭ የጨመረ ሊመስል ስለሚችል፣ ብዛቱም ከዋጋው ጎን ይጻፍ።

የሻጭን ጉርሻ ከአንድ ቁጥር ጋር ማሰርም ችግር አለው። በወጣ ዕቃ ብቻ የሚሸለም ሻጭ መክፈል ለማይችል ሰው ሳይቀር ዱቤ ይለቃል። መዝጋቢውም ራሱ ተመዛኙ ከሆነ መዝገቡ በየጊዜው ከመጋዘን ቆጠራ ጋር ሊመሳከር ይገባል።

በመጨረሻም ብዙዎች መዝገቡን ይሞላሉ እንጂ የሚያዩበትን ቀን አይቆርጡም። ሐሙስ ማታ፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ ባለቤቱና ገንዘብ ያዡ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ዱቤው በማን እጅ እንደቆየ ቢያዩ ለጅምር ይበቃል።