የሩሲያ ፊደል በነፃ፦ ፎንት ከመምረጥ ባነር እስከማሳተም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የባነር ሥራ መጣልኝ። ድሮ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ሰዎች ሊገናኙ ነው። «የራሽያ ነገር ይኑረው» ተባልኩ። ቀላል መሰለኝ። «ሪዩኒየን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፍኩና አሩን ወደ ግራ አዞርኩት። ሁለቱን ኤኖችም አዞርኳቸው። ከጀርባው ቀይ ለቀቅኩበት፣ አንድ ኮከብም ጣል አደረግኩ። በሥራዬ ኮራሁ።

ረቂቁን ለማየት የመጡት ጋሼ ስድስት ዓመት ሌኒንግራድ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡት። «ያዬ… ኢ… ኦኢ።» ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» አሉኝ።

የዞረ አር የሚመስለው ምልክት በሩሲያኛ «ያ» ተብሎ የሚነበብ ራሱን የቻለ ፊደል ነው። የዞረ ኤን የሚመስለው ደግሞ «ኢ» ነው። በፊልም ፖስተርና በጌም ሽፋን ላይ በኤ ቦታ የሚያስገቡት፣ ሁለት አጫጭር እግር ያለው ጎጆ የመሰለው ፊደል «ዴ» ነው። ሩሲያኛ ለሚያነብ ሰው ይሄ ሁሉ ጌጥ አይደለም፤ ዝብርቅርቅ ነው። ወደ ራሳችን ብናመጣው ቶሎ ይገባናል። አንድ ፈረንጅ «የኢትዮጵያ መልክ ይኑረው» ብሎ ቲን በ«ፐ»፣ ኤችን በ«ዘ»፣ ዩን በ«ሀ» ቢተካ ለእሱ ያምረዋል። እኛ ግን «ፐዘሀ» ብለን ነው የምናነበው።

ያን ባነር እንደገና ስሠራ የተማርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው።

1. ማን እንደሚያነበው ወስኑ

ጽሑፉ እውነተኛ ሩሲያኛ ከሆነ ሲሪሊክ የሚባሉትን፣ ሩሲያኛ የሚጻፍባቸውን ፊደላት የያዘ ፎንት ያስፈልጋችኋል። ጽሑፉ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ሆኖ የራሽያ ጠረን ብቻ ከተፈለገ ጠረኑን ከውፍረቱ፣ ከቀለሙና ከአቀማመጡ አምጡት። ፊደል ማዞር አያስፈልግም።

ነፃ ፎንት የሚገኝባቸው ገጾች፣ ለምሳሌ ዳፎንት፣ «ሩሲያ» የሚል ክፍል አላቸው። እዚያ ስትገቡ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የላቲን ፊደል የራሽያ ካባ ለብሶ ነው። ሩሲያኛ ልጻፍ ስትሉ ባዶ ይሆንባችኋል።

ደግሞም ሲሪሊክ የሩሲያኛ ብቻ አይደለም። ዩክሬንኛ፣ ቡልጋርኛ፣ ሰርብኛና ካዛክኛም ይጻፉበታል፤ አንዳንዶቹ ሩሲያኛ የሌለው ፊደል አላቸው። ለሩሲያኛ 33 ፊደላት ይበቃሉ። ለካዛክኛ ግን «ኤክስቴንድድ» የሚባለውን ሰፊውን ሲሪሊክ የያዘ ፎንት ፈልጉ።

2. ፎንቱን ፈልጉ

እኔ ሁሌም የምጀምረው ጉግል ፎንትስ ከሚባለው የጉግል ነፃ የፎንት ገጽ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ቋንቋ የሚለው ጋ ሲሪሊክን ምረጡ። ከላይ ባለው የሙከራ ሳጥን የራሳችሁን የሩሲያኛ ቃል ለጥፉ። ዝርዝሩ በሙሉ በእናንተ ቃል ይታያል። የማያምረው ወዲያው ይለያል።

ለረጅም ጽሑፍ ምን ልያዝ ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ፒቲ ሳንስ። ታሪክም አለው። ታላቁ ጴጥሮስ ከ1708 እስከ 1710 እ.ኤ.አ. የሩሲያን የኅትመት ፊደል ለወጠ። የቤተ ክርስቲያኑን ጥንታዊ አጣጣል ትቶ ወደ አውሮፓው የላቲን ኅትመት የቀረበ ቅርጽ አስቀረጸ። የፊደል ናሙናው ሲቀርብለት ያልፈለጋቸውን ፊደላት በገዛ እጁ በቀለም ሰርዟቸዋል። ዛሬ ሩሲያኛ ከሩቅ ሲታይ እንግሊዝኛ የሚመስለው በዚያ ምክንያት ነው። የዚህ ለውጥ 300ኛ ዓመት ሲቃረብ ፓራታይፕ የተባለው የሩሲያ ድርጅት በመንግሥት ድጋፍ ነፃ የፎንት ቤተሰብ ሠራ፤ ፒቲ ሳንስ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። ፒቲ ሴሪፍና ፒቲ ሞኖ ተከተሉት። ፒቲ ሳንስን የነደፉት አሌክሳንድራ ኮሮልኮቫ፣ ኦልጋ ኡምፔሌቫና ቭላዲሚር ዬፊሞቭ ናቸው። በሩሲያ ፌዴሬሽን ውስጥ ያሉ አናሳ ሕዝቦች ቋንቋዎችም ታስበውበታል።

ለርዕስ ምርጫው ሰፊ ነው። ጠበብ ያለና ረዘም ያለ ከፈለጋችሁ ኦስዋልድ። ወፍራምና ዘመናዊ ከሆነ ሩሶ ዋን። የሶቭየት ፋብሪካ በር ላይ የተለጠፈ የሚመስል ከሆነ ስታሊኒስት ዋን፤ እሱን ግን ከሁለት ቃል በላይ አትጻፉበት፣ ዓይን ያደክማል። የእጅ ጽሕፈት ከሆነ ማርክ ስክሪፕት። ከአብዮቱ በፊት የታተመ መጽሐፍ መልክ ከተፈለገ ኦልድ ስታንዳርድ።

የተረትና የቤተ ክርስቲያን ጠረን ከሆነ ደግሞ ሩስላን ዲስፕሌይ አለ። እሱ የተነሣው ፖሉኡስታቭ ከሚባለው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ነው። በነዚያ የእጅ ጽሑፎች ርዕሱ ብዙ ጊዜ «ቭያዝ» በሚባል ዘዴ ይጻፍ ነበር፦ ፊደላቱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ትንሹ በትልቁ ጉያ ይገባል፣ መስመሩ እንደ አጥር ይቆማል። ቀለሙም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። የእኛን ብራና ያየ ሰው ቀዩ ቀለም እንግዳ አይሆንበትም።

3. ፈቃዱን አንብቡ

«ነፃ» ማለት ሁሌ ነፃ ማለት አይደለም። «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ካለ ደንበኛ በሚከፍላችሁ ሥራ ላይ አታስገቡት። ጉግል ፎንትስ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ ናቸው። ለንግድም፣ ለባነርም፣ ለሎጎም ይሆናሉ። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን አይቻልም። የፈቃዱን ፋይል ከዚፑ ውስጥ አውጥታችሁ ከሥራው ጋር አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ትጠየቃላችሁ።

4. ጫኑትና ጻፉበት

ዚፑን ፍቱ። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ «ኢንስቶል»፣ ማክ ላይ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው። ፎንቱ በዝርዝሩ ካልመጣ የዲዛይን ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት።

ቀጥሎ ኪቦርድ። በቋንቋ ቅንብር ውስጥ ሩሲያኛን ጨምሩ። መደበኛው የሩሲያ ኪቦርድ አቀማመጡ ለብቻው ነውና ግራ ያጋባል። ዊንዶውስ ላይ ግን «ኒሞኒክ»፣ ማክ ላይ «ፎነቲክ» ወይም «ኪወርቲ» የሚባል አለ። በድምፅ ነው የሚጻፈው፤ አማርኛ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደምንጽፈው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። የሩሲያኛው «አ» እና የእንግሊዝኛው ኤ መልካቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ሲሪሊክን ከ0400፣ የእኛን ፊደል ከ1200 ጀምሮ አስቀምጧቸዋል፤ ላቲኑ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ፊደል ከእንግሊዝኛ ኪቦርድ ተበድራችሁ አትሙሉ። በዓይን አይታይም፣ ግን ፍለጋ ላይ ቃሉ አይገኝም። ፎንት ስትቀይሩም ያቺ ፊደል ብቻዋን ልትቀር ትችላለች።

መልክ ብቻ አይተው የሚያነቡም አሉ። «ሬስቶራን» የሚለው የሩሲያኛ ምልክት ለእንግሊዝኛ ዓይን «ፔክቶፓ» ይመስላል። የውጭ አገር ሰዎች ሞስኮ ሲገቡ መጀመሪያ የሚስቁበት ነገር ነው። ደንበኛ ጽሑፉን በስክሪንሾት ከላከላችሁ ዓይናችሁን አትመኑ። «በጽሑፍ ላኩልኝ» በሉ።

የላኩላችሁ ፋይል የቆየ ከሆነ ደግሞ ሲከፈት ትርምስምስ ያለ ምልክት ሊያሳያችሁ ይችላል። ከዩኒኮድ በፊት ሩሲያኛ የሚቀመጥበት መንገድ ብዙ ነበር። ሩሲያውያን ያን ትርምስ «ክራኮዝያብሪ» ይሉታል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ከፍቶ የተደናገጠ ሰው ስሙን ባያውቅ ነገሩን ያውቀዋል።

5. ፈትኑት

ሩሲያውያን ፎንት የሚፈትኑበት አንድ ዓረፍተ ነገር አላቸው። ትርጉሙ «ከነዚህ ለስላሳ የፈረንሳይ ዳቦዎች ጨምረህ ብላ፣ ሻይም ጠጣ» ነው። 33ቱም ፊደላት አሉበት። ፈልጋችሁ ቅዱና በመረጣችሁት ፎንት ለጥፉት። አንዷ ፊደል ቀጥና ወይም ወፍራ ከታየች ፎንቱ ያቺ ፊደል የለውም፤ ፕሮግራሙ ከሌላ ፎንት ተበድሮላችኋል። ሣጥን ከመጣ ብድሩም አልተገኘም።

ሰያፉን ለብቻው እዩት። በሩሲያኛ ሰያፍ ማለት ማዘንበል ብቻ አይደለም፤ ፊደሉ ቅርጹን ይለውጣል። ትንሹ «ቴ» የእንግሊዝኛ ኤም ይመስላል፣ «ፔ» ኤን፣ «ኢ» ዩ፣ «ዴ» ጂ ይመስላል። ስህተት መስሏችሁ እንዳታስተካክሉት። ሰያፍ የሌለውን ፎንት በግድ ያዘነበላችሁ እንደሆነ ግን ይህ ለውጥ አይመጣም፤ ጽሑፉ ሊወድቅ ያለ አጥር ይመስላል።

6. ከአማርኛ ጋር አጣምሩት

እስራኤል ውስጥ አማርኛና ሩሲያኛ ከዕብራይስጥ ጎን በአንድ ማስታወቂያ ላይ ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ላለ ሥራ የኖቶ ቤተሰብ ያዋጣል፤ ለሦስቱም ፊደል የሚሆን አለው። ሩቢክም ዕብራይስጥና ሲሪሊክ አብረው ያሉበት ቆንጆ ፎንት ነው፤ አማርኛውን ግን ከሌላ ታመጣላችሁ።

ሲሪሊክና የእኛ ፊደል ሲጎራበቱ ደስ ይላሉ። ከትንንሾቹ የሲሪሊክ ፊደላት ብዙዎቹ የትልልቆቹ ቅናሽ ናቸው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጣ ጭራ እምብዛም የላቸውም። መስመሩ እንደ አማርኛው ደልደል ብሎ ይሄዳል። የእኛ ፊደል ትንሽና ትልቅ ስለሌለው ግን በአንድ ቁጥር ስታስቀምጧቸው አማርኛው ገዝፎ ይታያል። እኔ አማርኛውን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ዝቅ አደርገዋለሁ። ስለ ጥቅስ አትጨነቁ። ሩሲያውያንም እንደኛ « » ነው የሚጠቀሙት፤ «ዮሎችኪ» ይሏቸዋል፣ ትንንሽ የጥድ ዛፎች ማለት ነው።

ጠረን ብቻ ለሚፈልግ ደንበኛ ደግሞ የምጠቅሰው አንድ ምሳሌ አለኝ። የሶቭየቱ ሠዓሊና ዲዛይነር አሌክሳንደር ሮድቼንኮ በ1924 እ.ኤ.አ. ለሌኒንግራድ የመንግሥት አሳታሚ የሠራው ፖስተር ላይ አንዲት ሴት እጇን አፏ ጋ አድርጋ ትጣራለች። «መጻሕፍት» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ እንደ ድምፅ ማጉያ እየሰፋ ይሄዳል። ይህን በአማርኛ መሥራት ይቻላል። ወፍራም የአማርኛ ፎንት፣ ቀይና ጥቁር፣ ዳር ላይ የሚሰፋ መስመር። ኮረል በተባለው የዲዛይን ፕሮግራም ውስጥ ያለው፣ ጽሑፍን የፈለጋችሁትን ቅርጽ የሚያስይዘው የኤንቨሎፕ መሣሪያ ይበቃል። አንዲት ፊደል ሳትዞር ሥራው ራሽያ ራሽያ ይላል።

7. ለማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት

ማተሚያ ቤቱ የእናንተ ፎንት የለውም ብላችሁ አስቡ። ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማያስፈልገው ሥዕል ቀይሩት፤ ኮረል ላይ ኮንትሮልና ኪው ነው። ከርቭ ከሆነ በኋላ ቃሉን ማረም ስለማይቻል የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ግን ሩሲያኛ ለሚያነብ ሰው አሳዩት።

እኔ ሁለተኛውን ባነር ፎቶ አንስቼ ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። «ሚ ፍስዮ ፖምኒም» የሚል ነው፤ «ሁሉንም እናስታውሳለን»። «ዮ» የምትባለው ፊደል አናቷ ላይ ሁለት ነጥብ አላት። ሩሲያውያን ራሳቸው ብዙ ጊዜ ይተዉታል ሲባል ሰምቼ እኔም ተውኩት። ወዲያው ደወሉ።

«ነጥቡ የታለ? እንዲህ ከጻፍከው እኮ ‹ሁላችንም እናስታውሳለን› ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ እሱስ ምን አለው ጋሼ?»

«ውሸት ነዋ! ግማሾቹ ስሜን እንኳ ረስተውታል።»