የፎቶ ጥጎች ሲጨልሙ፦ እርማቱ በካሜራው ወይስ በኮምፒውተር?

ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 (ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ይሰፋል) ከፍተው ጥርት ያለ ሰማይ ቢያነሱ፣ መሐሉ ብሩህ ሆኖ አራቱ ጥጎች ደንገዝገዝ ብለው ያገኟቸዋል። ይህ ቪኜቲንግ የሚባለው ጉድለት በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ጥጉ በሰያፍ የሚጓዘው ብርሃን በሌንሱ አካል በከፊል ስለሚጋረድ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑ የሚፈቅድ ከሆነ አስቀድመው ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 ያጥብቡ።

ፎቶውን በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮ በሚያወጣው ፋይል) ወዲያው የሚያስረክቡ ከሆነ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለውን እርማት ያብሩ፤ በኒኮን «ቪኜት ኮንትሮል» ይባላል። ሆኖም ይህ እርማት በአብዛኛው የሚሠራው ካሜራው ለሚያውቃቸው ሌንሶች ብቻ ነው።

ጊዜ ካለዎት በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንስተው በላይትሩም በተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ቢያርሙ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም መጠኑን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። «ሌንስ ኮሬክሽንስ» በሚለው ክፍል የሌንስዎን ፕሮፋይል (ለሌንሱ አስቀድሞ የተዘጋጀውን የእርማት መረጃ) ያብሩ፤ ፕሮፋይል ከሌለው «ማንዋል» ውስጥ ገብተው በ«ቪኜቲንግ» ሥር ያለውን «አማውንት» የሚለውን ወደ ቀኝ ቀስ እያደረጉ ይግፉ፣ ከዚያም እርማቱ ወደ መሐል ምን ያህል እንደሚዘልቅ በ«ሚድፖይንት» ያስተካክሉ። ሰማዩ ወጥ ሲሆን ያቁሙ፤ ጥጉ ከመሐሉ ከነጣ አልፈዋል ማለት ነው። በካሜራው የታረመን ጄፔግ ደግመው አያርሙ። በከፍተኛ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን የመሳብ አቅም መለኪያ) የተነሳን ፎቶ ጥግ ማብራት ነጠብጣቡንም ስለሚያጎላ፣ በተለይ የሰው ፊት መሐል ላይ በሆነበት ፎቶ፣ ጥቂት ጥላ ቢተዉለት ያምርበታል። ሌንሱ ፊት የተገጠመ ወፍራም ፊልተር ፈጽሞ ያጠቆረውን ጥግ ግን ቆርጦ ከማውጣት በቀር በእርማት መመለስ አይቻልም።