ማፕን፣ ፊልተርንና ፎልድን በእጅ ጽፎ መማር

በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የመጀመሪያ ሳምንታት ተማሪን የሚያስቸግረው የቋንቋው አጻጻፍ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚከብደው ፈንክሽን፣ ማለትም ግብዓት ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ የኮድ ክፍል፣ ራሱ እንደ ቁጥር ተይዞ ለሌላ ፈንክሽን ሊሰጥ ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው። እንዲህ ፈንክሽን የሚቀበል ወይም ፈንክሽን የሚመልስ ፈንክሽን ሃየር ኦርደር ፈንክሽን ይባላል፤ ከነዚህም በዝርዝር ላይ የሚሠሩት ማፕ፣ ፊልተርና ፎልድ ቀድመው ይመጣሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት፣ ሦስቱን በቃሉ የያዘ ተማሪ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥበት ብዕሩን እንደሚያስቀምጥ፣ አንድ ጊዜ በገዛ እጁ የጻፋቸው ግን ቢረሳቸው እንኳ መልሶ እንደሚሠራቸው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ዝግጁዎቹን ፈንክሽኖች በመጠቀም ሳይሆን እነርሱን በመሥራት ይጀምራል።

ምሳሌዎቹ የተጻፉት በሃስኬል ነው፤ ይህ ቋንቋ የመጀመሪያ እትሙ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ ከሃስኬል ከሪ ነው። ጂኤችሲ የተባለው ኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) የእኛን ፊደላት እንደ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ስለሚቆጥራቸው የፈንክሽንና የቫሪያብል ስሞችን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የራሳችንን የዓይነት (የዋጋዎች ምድብ፣ ለምሳሌ ቁጥር ወይም ጽሑፍ) ስም ግን በፊደል ብቻ መሰየም አንችልም፤ የዓይነት ስም በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። ከዚህ በታች ያሉት ኮዶች ግን እንዳሉ ቢገለበጡ ይሠራሉ። ማስታወስ የሚገባው፣ ኮዶቹን በፋይል ጽፎ ጂኤችሲአይ (ኮድ እያስገቡ ውጤቱን ወዲያው የሚያዩበት የጂኤችሲ ፕሮግራም) ላይ መጫን እንደሚሻል ነው። ሁለት መስመር ያለውን ፈንክሽን መስመር በመስመር ቢያስገቡት ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ይተካዋል፣ ባዶ ዝርዝር ላይ ሲደርስም ስሕተት ያወጣል። ይህ አንድን ጀማሪ ግማሽ ቀን ሲያስቀምጠው አይቻለሁ።

ማለዳ ጣና ዳር ቆመናል እንበል። ዓሣ አስጋሪዎች ከደንገል በተሠሩ ታንኳዎች ቀረሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዲት ነጋዴ እየመዘነች ትረከባለች። የአምስት ታንኳዎች ምርት በኪሎ እንዲህ ይሁን፦

ምርት = [12, 3, 9, 15, 4]

ጠቅላላ ክብደቱን ለማግኘት ሉፕ (አንድን ሥራ የሚደጋግም ትእዛዝ) የለመደ ሰው አንድ ቫሪያብል ከፍቶ እየጨመረ ይሄዳል። እዚህ ግን ዝርዝሩን በሁለት መልኩ ብቻ እናየዋለን፤ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ አንድ ራስ፣ ማለትም የመጀመሪያ አባል፣ እና ቀሪ ዝርዝር አለው። ባዶው [] ተብሎ ይጻፋል፤ ራስን ከቀሪው ጋር የሚያያይዘው ምልክት ደግሞ : ነው።

ድምር [] = 0
ድምር (ራስ : ቀሪ) = ራስ + ድምር ቀሪ

አሁን ደግሞ ቁጥሮችን የሚያባዛውን ይጻፉ፤ ከላይ ያለውን ሳይገለብጡ፣ በእጅ፦

ብዜት [] = 1
ብዜት (ራስ : ቀሪ) = ራስ * ብዜት ቀሪ

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነታቸውን በእርሳስ ያክብቡ። ስሙን ከተውነው የሚለያዩት በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ምልክቱ፣ ሌላው ዝርዝሩ ሲያልቅ የሚመለሰው ቁጥር። የተቀረው ያው ነው። እንግዲህ የሚለያዩትን ሁለቱን ነገሮች ከውጭ እንዲሰጡን ብንጠይቅ፣ ያው የሆነውን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፈን እንገላገላለን፦

ፎልድ ሥራ መነሻ [] = መነሻ
ፎልድ ሥራ መነሻ (ራስ : ቀሪ) = ሥራ ራስ (ፎልድ ሥራ መነሻ ቀሪ)

ፎልድ ማለት ማጠፍ ነው፤ ረጅም ጋቢ ታጥፎ ታጥፎ አንድ እጅ እንደሚሞላ ሁሉ ዝርዝሩም ታጥፎ አንድ ዋጋ ይሆናል። ድምር እንግዲህ «ፎልድ (+) 0» ነው፣ ብዜትም «ፎልድ (*) 1»። ብዙ መምህራን ማፕን አስቀድመው ፎልድን ለመጨረሻ ያቆዩታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ተማሪው ፎልድን በዚህ መንገድ ራሱ ካገኘው ሌሎቹ ይቀሉታል።

መብራት በጠፋበት ምሽት ሊሠራ የሚችል፣ እንዲያውም ከኮምፒዩተር ይልቅ በወረቀት የሚሻል ልምምድ አለ፤ እርሱም አንዱን ጥሪ እስከ መጨረሻው ዘርግቶ መጻፍ ነው፦

ፎልድ (+) 0 [12, 9, 15]
12 + ፎልድ (+) 0 [9, 15]
12 + (9 + ፎልድ (+) 0 [15])
12 + (9 + (15 + ፎልድ (+) 0 []))
12 + (9 + (15 + 0))
36

ቅንፎቹ ወዴት እንደተከማቹ ልብ ይበሉ፤ ወደ ቀኝ ነው። በመደመር ጊዜ ይህ ለውጥ አያመጣም፣ በመቀነስ ጊዜ ግን ያመጣል። [10, 3, 2] የሚለውን ዝርዝር በመቀነስ ከዜሮ ተነሥተን ከቀኝ ብናጥፈው 10 - (3 - (2 - 0)) ሆኖ 9 ይሰጣል፤ ከግራ ብናጥፈው ((0 - 10) - 3) - 2 ሆኖ -15 ይሰጣል። ሃስኬል ለሁለቱም ዝግጁ ፈንክሽን አለው፤ የቀኙ ፎልድአር (foldr)፣ የግራው ፎልድኤል (foldl) ይባላሉ። ረጅም የቁጥር ዝርዝር ሲደመር በስሙ መጨረሻ ላይ ጭረት ያለበትን የፎልድኤል ዓይነት (foldl') መጠቀም ይመረጣል፤ እርሱ እያንዳንዱን ስሌት ወዲያው ስለሚሠራ ያልተሠራ ስሌት በሜሞሪ ውስጥ አይከመርም።

ማፕ የዝርዝሩን እያንዳንዱን አባል በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ያሳልፋል፦

ማፕ ሥራ [] = []
ማፕ ሥራ (ራስ : ቀሪ) = ሥራ ራስ : ማፕ ሥራ ቀሪ

የዓሣ ኪሎ 200 ብር ነው ብንል፣ «ማፕ (* 200) ምርት» የሚለው [2400, 600, 1800, 3000, 800] ይመልሳል። (* 200) የሚለው አንድ ጎኑ ተሞልቶ ሌላው ጎኑ ባዶ የቀረ የማባዛት ምልክት ነው፤ ማፕ ባዶውን ጎን በየተራ ይሞላለታል። በመቀነስ ላይ ግን ይህ አጻጻፍ ወጥመድ አለው፤ (- 2) ሃስኬል ውስጥ ሁለት የሚቀንስ ፈንክሽን ሳይሆን «ነጌቲቭ ሁለት» የሚባለው ቁጥር ስለሆነ ፕሮግራሙ ስሕተት ያወጣል። ለዚህ ሲባል ሰብትራክት (subtract) የተባለ ፈንክሽን ተዘጋጅቷል።

ፊልተርን ለአንባቢው ልምምድ ትቼዋለሁ። የዝርዝሩ ራስ ጥያቄውን ካለፈ ከቀሪው ውጤት ጋር ይያያዛል፣ ካላለፈ ይዘለላል፤ ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም። እስኪጽፉት ድረስ በፋይሉ ውስጥ «ፊልተር = filter» ብለው ዝግጁውን ይጠቀሙ። ነጋዴዋ ከ5 ኪሎ በታች የሆነውን ካልተረከበች፣ «ፊልተር (>= 5) ምርት» የሚለው [12, 9, 15] ያስቀራል።

እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ እዚህ ላይ ማፕ ጽፌ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ በቁጥሮች ፈንታ እውነት፣ ሐሰት፣ እውነት፣ እውነት፣ ሐሰት የሚል ዝርዝር አየሁና ኮምፒዩተሩን ጠረጠርኩ። ስሕተቱ ግን የእኔ ነበር። ማፕ የሚሰጠውን ፈንክሽን መልስ ያስቀምጣል፣ ፊልተር ግን መልሱን ለመወሰኛ ብቻ ተጠቅሞ አባሉን ራሱን ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲህ ኮድ ከመጻፌ በፊት መልሱ ምን እንደሚመስል እጠይቃለሁ። የዝርዝሩ ርዝመት እንዳለ ከቀጠለ ማፕ ነው፤ አባላቱ ሳይለወጡ ቁጥራቸው ሊቀንስ ከቻለ ፊልተር ነው፤ ከብዙ አንድ ነገር የሚወጣ ከሆነ ፎልድ ነው። የማፕ ዓይነትም ይህንኑ ይናገራል፦

ማፕ :: (ሀ -> ለ) -> [ሀ] -> [ለ]

ሀን ወደ ለ የሚለውጥ ፈንክሽን ስጠኝ፣ የሀ ዝርዝር ጨምርልኝ፣ የለ ዝርዝር እመልስልሃለሁ ማለት ነው። ይህን መስመር ጮክ ብሎ በአማርኛ ማንበብ የሚያሳፍር ይመስላል፤ የዓይነት ስሕተት መልእክትን ማንበብ የሚለመደው ግን በዚህ ነው።

አሁን ሦስቱን እናያይዝ፦

ድምር (ማፕ (* 200) (ፊልተር (>= 5) ምርት))

መልሱ 7200 ብር ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የተለየ ችግር ይገጥመዋል። እኛ «ምርቱን አጣርታ፣ በዋጋው አባዝታ፣ ደመረችው» እንላለን፤ የሚሠራበት ነገር ይቀድማል፣ ዋናው ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ኮዱ ግን «ድምር» ብሎ ይጀምርና ምርቱን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ይልመዱ፤ ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ከአማርኛው ዓረፍተ ነገር ጋር ይገጥማል። ኦካምልና ኤፍ ሻርፕ |> የሚል ምልክት ስላላቸው ምርቱን አስቀድሞ ሥራዎቹን በየተራ ማስከተል ይቻላል። ለእኛ ሰው ይህ አጻጻፍ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የሚሞከረው ማፕን በፎልድ መጻፍ ነው፦

ማፕ ሥራ = ፎልድ (\ራስ ውጤት -> ሥራ ራስ : ውጤት) []

ይህን በፋይሉ ሲያስገቡ የቀድሞውን የማፕ ትርጉም ያውጡ። ወደ ኋላ ያዘነበለችው ሰረዝ ላምዳ የተባለችውን የግሪክ ፊደል ትወክላለች፤ አመጣጧም አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ካዘጋጀው የላምዳ ካልኩለስ ነው። ትርጉሟ ስም የሌለው ፈንክሽን ማለት ነው። መነሻው ባዶ ዝርዝር በመሆኑ የፎልድ «አንድ ዋጋ» ራሱ ዝርዝር ሊሆን እንደሚችል እዚህ ላይ ይታያል፤ ተማሪዎቼ በብዛት የሚደናገሩትም በዚሁ ነው። ከላይ እንደተደረገው በ[3, 4] ላይ በወረቀት ዘርግተው ቢያዩት ይጠራል።

ወደ ፓይተን የሚሻገር ተማሪ ማፕንና ፊልተርን በስማቸው ያገኛቸዋል፤ ፎልድ ግን ሪዲውስ ተብሎ ፈንክቱልስ በተባለው ሞጁል ውስጥ ተቀምጧል። ጃቫስክሪፕትም ሪዲውስ ይለዋል።

አንድ ልምምድ ልጨምር። ከታንኳዎቹ ሁሉ ትልቁን ምርት በፎልድ ያግኙ፤ ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን የሚመልስ ማክስ (max) የተባለ ዝግጁ ፈንክሽን አለ። መነሻውን 0 ቢያደርጉት ለኪሎ ይሠራል፤ ማንም ታንኳ ባልወጣበት ቀን እንኳ 0 ይመልሳል። ያንኑ ፈንክሽን ለነጋዴዋ የዕለት ትርፍና ኪሳራ ዝርዝር፣ ለምሳሌ ለ[-50, -20, -35]፣ ይስጡት። መልሱ -20 መሆን ሲገባው 0 ይመጣል፤ መነሻው ምን መሆን እንዳለበት፣ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆንስ ምን መመለስ እንደሚገባ በወረቀት ላይ ይሥሩት።