ቁጥራቸው ማለቂያ የሌለው ፋንክሽኖችን ሲደጋግሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ቲዎረም ርቀትን የሚያጠቡና ቁጥራቸው ውስን የሆነ ፋንክሽኖች አንድ ብቸኛ፣ ባዶ ያልሆነ፣ ዝግና ወሰን ያለው ሳቢ ስብስብ (ፋንክሽኖቹ ሲደጋገሙ ነጥቦች የሚሳቡበት ስብስብ) እንዳላቸው ያረጋግጣል። የፋንክሽኖቹ ቁጥር ማለቂያ ሲያጣ ግን በዚያው ልማድ መቀጠል ያሳስታል።

የብዙ ስህተት ምንጭ ሳቢው ስብስብ ዝግ ነው ብሎ መነሣት ነው። የተከታታይ ክፍልፋዮችን ሥርዓት እንውሰድ፦ ለእያንዳንዱ ነ = 1፣ 2፣ 3… አንድ ፋንክሽን አለ፤ እሱም ሸን ወደ 1/(ነ+ሸ) ይወስዳል። ሳቢው ስብስብ በ0 እና በ1 መካከል ያሉት ኢንብብ ቁጥሮች በሙሉ ናቸው፤ ንብብ ቁጥር አንድም የለበትም። ቀዳዳውን ልድፈን ብለው ከ0 እስከ 1 ያለውን ዝግ ኢንተርቫል ቢወስዱ «ስብስቡ በፋንክሽኖቹ የሚገኙ ምስሎቹ ኅብረት ነው» የሚለው እኩልታ ይፈርሳል፤ ምስሎቹ ከ1/(ነ+1) እስከ 1/ነ የተዘረጉ ቁራጮች ስለሆኑ 0ን የሚነካ የለም። እኩልታውን ብቻ ማመንም አያዋጣም። የሙሉ ቁጥር ኮፊሸንት ባላቸው የኳድራቲክ እኩልታዎች የሚገኙት ኢንብብ ቁጥሮች ለብቻቸው ያሟሉታልና። ስለዚህ ስብስቡን ማለቂያ በሌለው የፋንክሽኖች ቅደም ተከተል የሚደረስባቸው ነጥቦች ስብስብ አድርገው ይበይኑት። (ነ=1 ሲሆን ዴሪቬቲቩ 0 ላይ በፍጹም ዋጋው 1 ስለሆነ ማጥበቡ በቂ አይመስልም። ፋንክሽኖቹን ሁለት ሁለት አጣምረው ከወሰዱ ግን ከ1/4 አይበልጥም።)

ሁለተኛው ስህተት፣ የማጥበቢያ ምጣኔዎቹ (እያንዳንዱ ፋንክሽን ርቀትን የሚያሳንስባቸው መጠኖች) ወደ ተ ኃይል ሲነሡ ድምራቸውን 1 የሚያደርግ ተ ሁልጊዜ አለ ማለት ነው። ከ0 እስከ 1 ባለው ኢንተርቫል ላይ የማይነካኩ ቁራጮችን ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ፋንክሽን ኢንተርቫሉን አጥብቦ ወደ አንዱ ቁራጭ ይወስዳል። ከ2 ጀምሮ የነኛው ርዝመት ከ1/(ነ × የነ ሎጋሪዝም ካሬ) ጋር ይመጣጠን፤ ጠቅላላ ርዝመታቸውም ግማሽ ይሁን። ተ ከ1 ሲያንስ ድምሩ ወሰን የለውም፤ ተ 1 ሲሆን ግማሽ ነው። ድምሩ 1ን ዘልሎ አለፈ። የሃውስዶርፍ ዳይሜንሽኑ (ስብስቡ ምን ያህል ቦታ እንደሚሞላ የሚለካ፣ ሙሉ ቁጥር ላይሆን የሚችል ልክ) ግን 1 ነው፤ የስብስቡ ርዝመት ደግሞ ዜሮ! እዚህ አንድ ፋንክሽን ቢያወጡም ዳይሜንሽኑ አይቀንስም፤ «ንዑስ ሥርዓት ሁሉ ያንሳል» የሚለው እምነት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ውስን ንዑስ ሥርዓቶችንም አይናቁ። ሞልዲን እና ኡርባንስኪ በ1996 እንዳሳዩት፣ የጠቅላላው ዳይሜንሽን የውስን ንዑስ ሥርዓቶቹ ዳይሜንሽኖች ትንሹ የላይኛ ወሰን ነው። በተከታታይ ክፍልፋዮች ሥርዓት ነን 1 እና 2 ብቻ ቢያደርጉት እንኳ ወደ 0.5313 ዳይሜንሽን ይደርሳሉ። ኬሰቦመር እና ዡ በ2006 ደግሞ ከ0 እስከ 1 ያለ ማንኛውም ቁጥር የዚሁ ሥርዓት የአንድ ንዑስ ሥርዓት ዳይሜንሽን እንደሆነ አረጋገጡ፤ ይህ ውብ ውጤት ግን ለሌላ ሥርዓት ሁሉ አይሠራም።

ስብስቡን የሚሸፍኑ ትንንሽ ሣጥኖችን በመቁጠር የሚገኘውን ዳይሜንሽንም ከሃውስዶርፉ ጋር አያምታቱ። ሣጥኖቹ ስብስቡ የሚጠጋቸውን ነጥቦች ሁሉ ይሸፍናሉ። በተከታታይ ክፍልፋዮች ሥርዓት ነን ትልልቅ ካሬ ቁጥሮች ብቻ ካደረጉት የሃውስዶርፉ ዳይሜንሽን እስከ 1/4 አቅራቢያ ይወርዳል፤ የሣጥኑ ግን ከ1/3 አያንስም።