ዘይትና ቤንዚን እንዴት ይደባለቃል? ለቱ ስትሮክ ስኩተር ነጂ

ስኩተሬን ሀዋሳ ላይ በገዛሁ ማግስት ንጹህ ቤንዚን ሞልቼ ወደ ታቦር ተራራ ወጣሁ። ብዙም ሳልርቅ ሞተሩ ጋለና ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣበቀ። የባጃጅ ሾፌሮች እየሳቁብኝ እየገፋሁ ተመለስኩ። ሻጩ ስለ ዘይት ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጠየቅኩ።

ቱ ስትሮክ ሞተር እንደ መኪና ሞተር ከታች የዘይት ቋት የለውም። ቤንዚንና አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመግባታቸው በፊት ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ክራንኩ፣ ባለበት ክፍል ያልፋሉ። ስለዚህ ዘይቱን ይዞ የሚገባው ቤንዚኑ ነው። አብሮም ይቃጠላል፤ ያ ሰማያዊ ጭስ የእሱ ነው።

መጀመሪያ ስኩተራችሁ ለብቻው የዘይት ታንክ እንዳለው እዩ። ካለው አትደባልቁ፤ ዘይቱን በዘይት፣ ቤንዚኑን በቤንዚን ቦታ ሙሉ። ከሌለው መጠኑን ከመመሪያው ላይ ፈልጉ። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ናቸው። ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የድሮዎቹ ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ።

ዘይቱ ለቱ ስትሮክ የተሠራ ይሁን። የመኪና ዘይት በደንብ አይቃጠልም፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላና የጭስ መውጫውን ማርሚታ በጥላሸት ይደፍናል።

ለመለኪያ ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ። በክዳን ከመገመት በብዙ ይሻላል። ለ5 ሊትር ጀሪካን አምስት ስሪንጅ ነው። ጀሪካኑን በቤንዚን እስከ ግማሽ ሙሉ፣ ዘይቱን ጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ናጡት። ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን ጨምራችሁ እንደገና ናጡ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባችሁ አይድረስ።

ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈቱት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ ስላነሰ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ሳትነዱ መካኒክ ጥሩ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግን ዘይት ለመቀነስ አትቸኩሉ። ሀዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለባሕር ዳርቻ አየር የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ያበዛል። መካኒኩ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን ጠበብ ባለ ቀዳዳ ይቀይርላችኋል። የድሮውን አስቀምጡት፤ ስኩተሯን ይዛችሁ ቆላ ከወረዳችሁ መመለስ አለበት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ አትውረዱ። ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም፤ ፒስተኑ ግን እየተፈተገ ነው። በየመሐሉ ትንሽ ትንሽ ነዳጅ ስጡት።

ለሳምንት የማትነዷት ከሆነ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። አለዚያ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንና ዘይቱ ብቻ ይቀራል፤ ስትመለሱ ፔዳል ስትረግጡ ትውላላችሁ።